«ወሬውን እለፈው!»

ባለፈው ክረምት ልጄን ይዤ አዲስ አበባ በገባሁ ማግስት፣ የእህቴ ልጅ ሰፈራቸው ወዳለ ፕሌይስቴሽን ቤት ወሰደው። እኔም «እንዳይጠፋብኝ» ብዬ ተከተልኳቸው፤ እውነቱን ለመናገር ቤቱን ለማየት ጓጉቼ ነው። ቆርቆሮ ቤት ነው። ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ሥር ደግሞ በስልኩ ሰዓት የሚይዝ ጎረምሳ። ሁለቱ ላይ ኳስ ነው፤ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል። ሦስተኛው ላይ አንድ ልጅ ብቻውን በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ጎድ ኦፍ ዋር» ይጫወታል። የእኔ ልጅ ዓይኑ በራ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሳሎናችን ውስጥ፣ ወር ሙሉ ተቀምጦበት የጨረሰው ጌም ነው።

እዚያ ቤት ግን ጌሙ የማንም አይደለም። ልጁ የቀጠለው ትናንት ሌላው ካቆመበት ነው፤ ያም ከትናንት ወዲያ ሌላው ከተወበት። በመሃል ጌሙ ውስጥ ያሉት አባትና ልጅ ቆመው ማውራት ጀመሩ። ከአግዳሚው «ወሬውን እለፈው!» የሚል ጩኸት መጣ። ልጁ ጆይስቲኩን ቢቀጠቅጠው ወሬው አልታለፍ አለ። ወደ ሰዓት ያዡ ዞሮ «ብሮ፣ ይሄን እንዳትቆጥርብኝ» ሲል ለመነ። ሰዓት ያዡ ሳቀ እንጂ ሰዓቱን አላቆመም። ልጄ ግራ ገብቶት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ባባ፣ ዋናው እኮ ይሄ ነው» አለኝ።

ሁለቱም ልክ ናቸው። በደቂቃ ለሚከፍል ልጅ ታሪክ ኪስ አውላቂ ነው። ኳስ የከፈልክበትን ከነጎሉ ከነንዴቱ ወዲያው ያስረክብሃል፤ ታሪክ ግን «ቆይ፣ ታገሠኝ» ይላል፣ እሱም በእንግሊዝኛ። ያገር ቤት ልጆች ሲፈጥራቸው ኳስ ብቻ የሚወዱ ይመስለኝ ነበር። ለካ ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ጊዜው የራሱ መሆን አለበት።

እኔም ብሆን የምኮራበት ነገር የለኝም። ያንን ጌም ለወራት «የደም ጨዋታ» እያልኩ ስረግመው ኖሬያለሁ። አንድ ቅዳሜ ማታ ከሥራ ገብቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ወደቅሁና ዝም ብዬ አየሁት። ክሬቶስ የሚሉት ያ ጢማም ግዙፍ ሰው ሚስቱ ሞታበታለች። ኑዛዜዋ አመዷ ከሁሉ ከፍ ካለው ተራራ ጫፍ እንዲበተን ነው (ለእኛ ሬሳ ማቃጠል ቢከብድም፣ ኑዛዜ ኑዛዜ ነው)። ከልጁ ጋር በጀልባ እየቀዘፉ ይሄዳሉ። ልጁ «ተረት ንገረኝ» ይለዋል። አባትየው የጥንቸሏንና የኤሊዋን ተረት እንደ ፖሊስ ሪፖርት በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። ልጁ ቅር አለው። እኔ ግን ሶፋው ላይ ተሸማቀቅሁ፤ ያ ሰውዬ እኔው ነኝ።

ኋላ ላይ ሚሚር የሚባል፣ ከአንገቱ የተቆረጠ የሚያወራ ጭንቅላት አግኝተው አባትየው ወገቡ ላይ ያንጠለጥለዋል። ከዚያ ወዲህ ተረቱ የሱ ሥራ ነው። ጀልባዋ ዳር ስትደርስ ወሬውን ያቋርጣል፤ ተመልሰው ሲሳፈሩ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህን ያሰበውን ሰው አደነቅኩት። መቅዘፍ እጅ ይይዛል፣ ጆሮ ግን ነፃ ነው። ደሴ፣ አያቴ ቤት፣ እሷ ጥጥ እየፈተለች እኛ ባቄላ እየፈለፈልን «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» የምንለው በዚሁ ብልሃት አልነበር?

ከዚያ ሌላ የቆረቆረኝ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኔቨር አሎን» ነው። የአላስካ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከኢኑፒያቶች ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው የሠሩት ጌም ነው። አንዲት ልጅና ነጭ ቀበሮ የማያባራውን የበረዶ ውሽንፍር ምንጭ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ ተራኪው በኢኑፒያቶች ቋንቋ ይተርካል፣ እንግሊዝኛው ከሥር ይጻፋል። ልጄ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ተቀምጦ የአላስካን ተረት በአላስካ ቋንቋ ሰማ። የአያቱን እናት ተረት ግን ባማርኛ ሰምቶ አያውቅም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

አገር ቤትም የሚሠሩ አሉ። «ቅኔ ጌምስ» የሚባል ድርጅት በስልክ የሚጫወቷት ሯጭ ዶሮ አውጥቷል፣ ስሟ «ኩኩሉ»። ስሟን ስሰማ አፌ ሳላዝዘው «አልነጋም!» አለ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ለሚቆም ሰው እሷ ትበቃዋለች። የእኔ ምኞት ግን ሌላ ነው፤ የአንበሳው ጸጉር ተረት ጌም ሆኖ ማየት።

አያቴ ስትነግረን እንዲህ ነበር። እንጀራ እናት የባሏ ልጅ አልወዳት ይላል። አዋቂው «የአንበሳ ጸጉር ነቅለሽ አምጪ» ይላታል። ሥጋ ይዛ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀረበች ታለምደዋለች። በቃ፣ አያቴ ያንን ሁሉ ቀን «እየቀረበች፣ እየቀረበች» ብላ ታልፈው ነበር። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመልሰው መኪና ውስጥ ለልጄ ጀመርኩለት። እሱ አላሳልፍ አለኝ። የመጀመሪያው ቀን ስንት እርምጃ ራቀች? ሥጋው ቢያልቅባትስ? ቸኩላ አንድ እርምጃ ብትጨምር ይበላታል ወይስ ይሸሻል? በላት እንበል፣ ከየትኛው ቀን ነው የምትጀምረው? እኔ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስለ ትዕግሥት ነው ሲሉኝ የኖርኩትን ተረት፣ ልጁ እርምጃ በእርምጃ እየቆጠረ ሊታገሠው ነው።

ቤት ደርሰን መኪናውን አቆምኩ። ቦርሳውን አንስቶ ይወርዳል ብዬ ብጠብቅ ቀበቶውን እንኳ አልፈታም።

«የት ደርሼ ነበር?» አልኩት።

«ስድስተኛው ቀን።»