«አይስማማትም»

ድሬዳዋ ውስጥ ለውዝ የማይገባበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። ባቢሌ ቅርባችን ናት፤ ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ በለውዟ የታወቀች ከተማ። ከዚያ በጆንያ ይመጣል። ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ተቆልቶ ይሸጣል። ለጫት ይቀርባል፣ ለእንግዳ ይቀርባል፣ ልጅ ሲያለቅስም ማባበያ ነው።

ባለፈው ክረምት እናቴን ልጠይቅ ከአሜሪካ ስገባ፣ የጎረቤታችን የአራት ዓመት ልጅ ሁለቴ ታማ ነበር። መጀመሪያ ከንፈሯ ሲያብጥ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ተቀባች። በሁለተኛው ትንፋሿ አጠረ። ቡዳ ነው ያለም አልጠፋ፤ እየበላች ነዋ የታመመችው! እናቷ ግን ባጃጅ ይዛ ሐኪም ቤት በረረች። አድሬናሊን ተወጋችና ተረፈች። «ከለውዝ ነው» ተባለ።

እናትየው እድሩን እርዳታ ጠየቀች። አዲስ አበባ ወስዳ ልታስመረምራት፣ ቤት የሚቀመጥ መርፌም ልታስመጣላት። እናቴን ተከትዬ እኔም ሄጄ ነበር።

«ለውዝ አይስማማትም» አለች።

አንዱ ከወደ ጥግ «አቦ፣ እኔም ሽሮ አይስማማኝም!» አለና ቤቱ በሳቅ ደመቀ።

አልፈረድኩባቸውም። ጉድ የሠራት ቃሉ ነው። እኛ «አይስማማኝም» ስንል ቃር ነው፣ ሆድ መንፋት ነው። ቡናም አይስማማም፣ የአማት ቤትም አይስማማም። አለርጂ ሲባል ደግሞ አቧራና ማስነጠስ ነው የሚታየን። በአንዲት ፍሬ ለውዝ ጉሮሮ ይዘጋል ብሎ ማን ያምናል?

አሜሪካ ማሳመን አይጠበቅብህም። የታሸገ ምግብ ላይ ለውዝ መኖሩን መጻፍ በሕግ ግዴታ ነው፤ ከ2023 ጀምሮ ሰሊጥም ተጨምሯል። አብሮኝ የሚሠራ ያገሬ ልጅ አለ፤ ልጁ ያው ችግር አለበት። ትምህርት ቤቱ ለውዝ የማይደርስበት ጠረጴዛ ለይቶለታል። መድኃኒቱም አለ። በ2020 ሰውነትን ቀስ በቀስ ከለውዝ ጋር የሚያለማምድ ዱቄት ተፈቅዷል። በ2024 ደግሞ ኦማሊዙማብ የሚባለው መርፌ ለምግብ አለርጂም እንዲሰጥ ተፈቀደ። ኢንሹራንሱ ግን አልከፍልም ብሎ ደብዳቤ ላከበት።

ኤፒፔን የሚሉት በራሱ የሚወጋ መርፌ በ2016 ጥንዱ 600 ዶላር ገብቶ ኮንግረስን ሳይቀር አነጋግሯል። ውስጡ ያለው ያው አድሬናሊን ነው። ድሬ ላይ ከርካሽ ብልቃጥ ተቀድቶ ልጅቷን ያተረፋት።

ያገሬ ልጅ ለልጁ ማሳከሚያ ጎፈንድሚ፣ የኢንተርኔት መዋጮ፣ ከፈተ። ፎቶ ስንመርጥ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን፤ የሚስቅበት ይሁን ያበጠበት? ሰዉ ልብ ለጠፈለት፣ «በጸሎት እናስብሃለን» አለው። ብሩ ግን ገና ሩቡ ላይ ሳይደርስ ቆመ። እኔም 50 ዶላር ልኬ ስልኬን ዘጋሁ። በማግስቱ ሥራ ቦታ ስንገናኝ ሁለታችንም ስለ አየሩ አወራን።

ወደ እድሩ ልመለስ። ሳቁ ሳይበርድ አንድ ጎረምሳ ተነሳ። የባጃጁ ሹፌር ነው። «እኔ ነኝ ያደረስኳት» አለ። «ደቻቱ ድልድይ ላይ ስንደርስ ድምጿ ጠፋ። ሞታለች ብዬ ዞሬ ማየት ፈራሁ። ወላሂ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ለውዝ አልበላሁም።» ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀ። ስለ ሽሮው የተናገረው ሰውዬ የመጀመሪያውን ብር አስቀመጠ፤ አንገቱን ደፍቶ።

እኔ ከመመለሴ በፊት ልጅቷ አዲስ አበባ ደርሳ መጣች። ሁለት መርፌም በሐኪሟ ማዘዣ በዘመድ በኩል ከዱባይ ገባ። ሙቀት ያበላሸዋል ስለተባለ (ድሬ ላይ!) እናትየው ከእንስራው አጠገብ፣ ቤቱ ቀዝቀዝ የሚልበት ጥግ አስቀመጠችው። መርፌው ጊዜው ሲያልፍ እንደሚጣልና በሌላ እንደሚተካ ስነግራቸው የእድሩ ጸሐፊ ደብተሩን ገለጠ።

«ቀኑ በእኛ ስንት ይሆናል?» አለኝ።

በጣቴ ቆጠርኩ። ተሳሳትኩ። እንደገና ቆጠርኩ። ከወርኃዊ መዋጮው ዝርዝር በላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈው።