ጣት የሚዘረጋ ጓንት፦ እዚሁ ይሠራ ወይስ ይቆይ?

ስትሮክ የመታው ሰው እጁን እንዲያለማምድ የሚያግዝ፣ በአየር የሚሠራ ለስላሳ ጓንት በርካሽ አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራ? አምስት ኪሎ ያለች ወጣት መሐንዲስ «ይሠራ» ትላለች። ጥቁር አንበሳ አካባቢ የሚሠሩ አንጋፋ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ «ቆይ እስቲ» ይላሉ።

መሐንዲሷ፦
ይህ ጓንትም ሮቦት ነው። ሮቦት ሲባል ግን ለሰው ቶሎ የሚታየው ብረት ነው። እዚህ ብረት የለም። የጎማ ቱቦ፣ በላዩ የተጠለፈ የናይለን መረብ፣ አነስተኛ የአየር ፓምፕ፤ በቃ። አየር ሲገባ ቱቦው በጎን ይወፍርና በቁመት ያጥራል። ሲያጥር እንደ ጡንቻ ይስባል። ሐሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ማኪበን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራው ፖሊዮ ለጎዳት ልጁ ብሎ ነው።

ቱቦው መርካቶ አለ፤ ፓምፑና ቫልቩም ተፈልጎ አይጠፋም። ከውጭ የሚመጣው ግን ለእኛ ከተማ አልተለካም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሯ ሳሳ ያለ ነው። ያው ፓምፕ እዚህ ጓንቱን ለመሙላት ይዘገያል። እዚሁ የሠራው ሰው ያስተካክለዋል። ሲበላሽም ይጠግነዋል፤ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ባለሙያው፦
ልጄ፣ ጉጉትሽን ወድጄዋለሁ። የታካሚውን እጅ ግን ቀርበሽ አይተሽዋል? ብዙ ጊዜ ችግሩ ጣት አልታጠፍ ማለቱ ሳይሆን አልዘረጋ ማለቱ ነው። አውራ ጣት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሌሎቹ ይዘጉበታል። በጉልበት መፈልቀቅ አይሆንም። መጀመሪያ የእጁን አንጓ ወደ መዳፍ በኩል ታጥፊዋለሽ። ያኔ ጣቶቹን የሚያጥፉት ጅማቶች ይላላሉ። ከዚያ አውራ ጣቱን ከሥሩ ይዘሽ ቀስ አድርገሽ ታወጪያለሽ። ሌሎቹን አንድ በአንድ። ከቸኮልሽ ጡንቻው ይብሱን ይከራል።

እኔ ያየኋቸው ርካሽ ጓንቶች ደህና አድርገው የሚችሉት ማጠፍ ነው። የታጠፈውን ማጠፍ! ቆዳውስ? አንዳንዱ ታካሚ እጁ ላይ ስሜት የለውም። ማሰሪያው ቢልጠውም አይነግርሽም።

ደግሞ እኛ ጋ መምጣት ያቆመው ሰው ጓንት አጥቶ አይደለም። ታክሲው፣ ደጋፊው፣ ወረፋው ነው ያስመረረው። ገንዘብ ካለ እዚያ ላይ ይዋል።

መሐንዲሷ፦
ጋሼ፣ ይሄማ ለእኔ ነው የሚመሰክረው! ሰውየው መምጣት ካቃተው ልምምዱ ቤቱ ይሂድለታ። መዘርጋቱ መልስ አለው። ቱቦው በእጅ ጀርባ ሲታሰር፣ ሲያጥር ጣቱን ወደ ላይ ይስበዋል። ፍጥነቱን በቫልቭ እንቀንሳለን። መብራት ቢጠፋ ባትሪ አለ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ስትሮክ ለመታቸው ሰዎች እርምጃ የሚያግዝ ለስላሳ ልብስ ፈቅዷል። ዓለም የተቀበለው ነገር ነው።

ባለሙያው፦
ያ ልብስ የተፈቀደው ለክሊኒክ ነው፤ ባለሙያ አጠገብ ቆሞ። ቤቱ ለተቀመጠው ሰውዬ አንጓውን ማን ያጥፍለት? እስቲ የተጨበጠ እጅ አምስት ጠባብ ጣት ባለው ጓንት ውስጥ አስገቢ። ሚስቱ ላብ በላብ ትሆናለች፤ እሱ ይጮኻል፤ ጓንቱ በሳምንቱ አልጋ ሥር ይገባል። የግድ ይሠራ ካልሽ መዳፉ ክፍት ይሁን። በቬልክሮ ይታሰር። የሚታጠብ ይሁን። ከመስፋታችሁም በፊት መጥታችሁ እጁን እዩት።

መሐንዲሷ፦
ቬልክሮውን ወስጃለሁ፤ ጣት በጣት የተሰፋውም ይቀራል። «ቆይ» የሚለው ግን አልገባኝም። እርስዎ ጓንቱን አንዴ ለክተው ካስተካከሉ፣ አሁን ለእኔ እንደነገሩኝ አንጓ ማጠፉን ለሚስቱም ካሳዩ፣ ቀሪው ልምምድ ቤት ይሠራል። ታካሚው ለቁጥጥር ብቻ ብቅ ይላል። አሁን እኮ በሁለት ቀጠሮ መካከል እጁን የሚነካለት የለም።