ቶቶሮ የሞት አምላክ አይደለም ባካችሁ

"ጎረቤቴ ቶቶሮ" ስለሚለው የጃፓን አኒሜሽን ፊልም "ትንሿ ልጅ ሜይ ኩሬው ውስጥ ሰምጣ ሞታለች፣ የጫካው መንፈስ ቶቶሮም የሞት አምላክ ነው፣ ለዛ ነው መጨረሻ ላይ ልጆቹ ጥላ የሌላቸው" ላልከው፣ ወንድሜ ይሄ ወሬ ስንት ዓመት ሲዞር የኖረ ነው ግን ውሸት ነው። እኔም አምኜው ነበር ያኔ፣ ፊልሙን ራሱ ጠልቼው ነበር። ፊልሙን የሠራው ጊብሊ ስቱዲዮ በ2007 እ.ኤ.አ. ወሬውን አስተባብሏል፣ ጥላውን ያልሳልነው እዛ ጋ አያስፈልግም ብለን ነው ነው ያሉት፣ በቃ። ደሞ ያቺን ከኩሬው የወጣችውን ጫማ ለታላቅ እህቷ ለሳትሱኪ ሲያሳዩዋት የሜይ አይደለም ትላለች እኮ፣ ጫማውን ይዘው ሲጸልዩ የነበሩት አሮጊት እንዴት እፎይ እንዳሉ እያቸው። ፊልሙ አለቀ ብለህም ቶሎ አትዝጋው፣ የሠሪዎቹ ስሞች ሲያልፉ እናትየው ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ትመለሳለች፣ ልጆቹም ይጠመጠሙባታል፣ የሞተ ልጅ እንዴት ነው የሚያቅፋት ታዲያ?