«ምንም የላትም» ላሉኝ ሰው

እጄ ላይ ያለው ዘይት ሳይለቅ ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ አነጋገሬ ቢመርር ታገሡኝ። ያቺ የምታውቋት ቢኤስኤ ኤም20፣ አሮጌዋ የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌቴ፣ ዛሬም ሞቃ፣ መንገድ ላይ ሞተሯ ጠፋ፤ እንደ ልማዷም አልነሳም አለች፤ እኔም እንደ ልማዴ እየገፋሁ መለስኳት። መግፋቱን ለምጄዋለሁ። አንጀቴን ያሳረረው ከመግፋቴ በፊት አንድ ባለሙያ «ምንም የላትም» ያሉኝ ነገር ነው።

ጠባይዋን ታውቁታላችሁ። ቀዝቅዛ ስታድር ያለ ብዙ ልመና ትነሳለች፤ ለጥቂት ጊዜም ያማረ ድምፅ እያሰማች ትሄዳለች፤ ሞተሩ በደንብ ሲግል ግን መንተባተብ ትጀምርና በጭስ ማውጫው አስነጥሳ ዝም ትላለች። ከዚያ በኋላ ብትረግጧት፣ ብትለምኗት፣ ብትሰድቧት መልስ የለም። ጥላ ሥር አቁማችኋት ቆየት ብላችሁ ስትመለሱ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ በአንድ ርግጫ ትነሳለች። ባለሙያ ዘንድ ገፍቼ እስክደርስ ድረስ ቀዝቅዛ ስለምትጠብቅ፣ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ትኩሳቱ እንደሚጠፋለት በሽተኛ ሁልጊዜ ጤነኛ ሆና ትታያለች፤ ውሸታም የምሆነው እኔ ነኝ።

ሰውየው በአሮጌ ሞተሮች የተመሰከረላቸው ናቸው ተብዬ ነው የሄድኩት። ሰላምታዬን በግማሽ ልብ ተቀብለው ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ጋሼ፣ ስትሞቅ ነው የምትጠፋው» አልኳቸው።

«እሳት አላት?»

«አሁን ይኖራታል፤ ቀዝቅዛለችና። ስትግል ግን...»

«እኔ የጠየቅሁህ እሳት አላት ወይስ የላትም ነው።»

ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈቱ፤ ከሲሊንደሩ ራስ ጋር አስነክተው ፔዳሉን በእጃቸው ገፋ ሲያደርጉት ብልጭ አለ። ወደ እኔ እንኳ አላዩም፤ ሥራቸውን ትተው ለከበቡን ልጆች ነበር የሚናገሩት። «አያችሁ? እሳት አላት። እሱ የላትም ይላል።» የላትም አላልኩም! አንድም ጊዜ የላትም አላልኩም! «ማግኔቶው ውስጥ ያለው ኮንደንሰር ይመስለኛል» ብዬ (ማግኔቶ ማለት ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ክፍል ነው) አፌን ስከፍት፣ «ኢንተርኔት ላይ አንብበህ መጣህ?» አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ለሕፃን እንደሚደረገው ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ ቤንዚኑን ትከፍተዋለህ?» ብለው ጠየቁኝ። ሞተሩን እስከ መጨረሻዋ ቀለበት ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ቤንዚን ትከፍታለህ ወይ ተብዬ ተጠየቅሁ። ካንዴላውን መልሰው አሠሩና በአንድ ርግጫ አስነሷት። «ምንም የላትም። ችግሩ እሷ ሳትሆን አስነሺው ነው።» ልጆቹ ሳቁ፤ አንደኛው እንዲያውም ሳቁን ለመጨረስ ግድግዳ መደገፍ አስፈልጎት ነበር። ከዚያም ለምርመራ ተብሎ ሂሳብ ተጠየቅሁ። ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ከፍዬ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለቴ ነው።

እንደተለመደው ልክ የሆነው መልስ የመጣልኝ ሽቅብ ስገፋት ነው። ክፍት አየር ላይ ብልጭ ያለ እሳት ሲሊንደር ውስጥም ብልጭ ይላል ማለት አይደለም፤ በታመቀ ጋዝ መሐል ያንኑ ክፍተት ለመዝለል እጅግ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያስፈልጋልና። ማግኔቶ ደግሞ ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው ራሱ እየዞረ ነው፤ የሚዞረውም ፒስቶኑ በሚያዞረው ዋና ዘንግ፣ በክራንኩ፣ ግማሽ ፍጥነት ስለሆነ በእግር ሲረገጥ የሚገኘው እሳት ከመጀመሪያውም የተትረፈረፈ አይደለም። ኤሌክትሪኩን እየተነካካ እየተላቀቀ የሚያቋርጠው ፑንቲና በሚከፈትበት ቅጽበት የሚተርፈውን ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ኮንደንሰሩ ነው። እርሱ ሲደክም ያ ኤሌክትሪክ በፑንቲናው ጫፎች መሐል እየዘለለ ይባክናል፤ በአንድ ጊዜ መቋረጥ የነበረበት ይንጠባጠባል፤ ካንዴላው ጋ የሚደርሰውም ቀጭን፣ ቢጫ፣ ለስሙ ያህል የሆነ እሳት ነው። በእርጅና የደከመ የኮንደንሰር ኤሌክትሪክ መከላከያ ሲሞቅ ያፈሳል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ለጊዜው ያገግማል። ይህን በንድፈ ሐሳብ አይደለም የማውራው፤ በቀደም ማታ መንገድ ዳር እንደጋለች የፑንቲናውን ክዳን አውልቄ፣ አጎንብሼ እያየሁ ፔዳሉን ስጫነው በሁለቱ ጫፎች መሐል ሰማያዊ ፍንጣሪ ሲንጫጫ አይቻለሁ። ክፍተቱ እንደሚገባው 0.3 ሚሊሜትር ነው፤ ጫፎቹም በደቃቅ ወረቀት ታሽተው የተወለወሉ ናቸው። እሳቱ ካንዴላው ላይ መሆን ሲገባው እዚያ ምን ይሠራል? ይህን ነበር ልጠይቃቸው የሄድኩት።

ሌላውን ሁሉ ደግሞ አስቀድሜ አጣርቻለሁ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ ልናገረው። የነዳጅ ታንኩ ክዳን አየር ማስገቢያ ተደፍኖ እንደሆነ ብዬ ክዳኑን ከፍቼ ሞክሬአለሁ፤ ለውጥ የለም። ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን የካርቡሬተሩን መጫኛ ቁልፍ ስነካ ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈሳል፤ ስለዚህ ነዳጅ ይደርሳል። የቫልቮላዎቹን ክፍተት ለክቻለሁ። ግላ ስትጠፋም ፔዳሉ ከፒስቶኑ ጋር ሲታገል እግሬ ይሰማዋል፤ ስለዚህ እመቃው አለ። ይህች 496 ሲሲ ሞተር 13 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያላት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር መልእክተኞች በጭቃና በብርድ የነዷት፣ ማንም ወታደር ረግጦ እንዲያስነሳት የተሠራች ናት። ማቀጣጠያውን ማዘግያ፣ አየሩን መዝጊያ፣ እመቃውን መልቀቂያ እያንዳንዱ ማንሻ መሪው ላይ አለ፤ እኔም ሁሉንም በየተራው እጠቀማለሁ። አስነሺው ነው ችግሩ!

ካነሳሁት አይቀር፣ ባትሪዋን እንድቀይር የመከረኝን ዘመዴንም አልረሳሁትም። ማግኔቶ ባትሪ አይጠይቅም ብዬ ስነግረው «ታዲያ መብራቱ በምን ይበራል?» ብሎ አፋጠጠኝ፤ የማወራው ስለ መብራት እንዳልሆነ እስኪገባው ድረስ ቡናው ቀዘቀዘ። ካንዴላ ቀይር ያላለኝ ሰውም የለም። ቀይሬአለሁ። እንደገና ቀይሬአለሁ። መደርደሪያዬ ላይ ምንም ጥፋት የሌለባቸው ካንዴላዎች ተሰልፈው ይመለከቱኛል። አንድ መለዋወጫ ሻጭ ደግሞ «ይኸው ኮንደንሰር» ብሎ የመኪና ኮንደንሰር ሸጠልኝ፤ የእኔው የሚገኘው በሚዞረው ጥቅልል ውስጥ መሆኑን ስነግረው «አንተ ግጠመው እንጂ ይሠራል» አለኝ። የት ልግጠመው? ኪሴ ውስጥ?

ይህን ሁሉ ይቅር ልበል፤ ብሎኑን ግን አልምርም። ሰውየው ከመሸኘታቸው በፊት «ማግኔቶዋን ጠበቅ ላድርግልህ» ብለው 14 ቁጥር መፍቻ አነሱ። የዚህች ሞተር ብሎኖች ራስ የሚለካው፣ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ካቀረበው መለኪያ በተወረሰው አሠራር ነው። የእርሷ መፍቻ ላይ ሩብ ኢንች ተብሎ ቢጻፍም ጽሑፉ የሚናገረው የብሎኑን ውፍረት ነው፤ የመፍቻው አፍ ስፋት ግን 13.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 13 ቁጥር አይገባም፣ 14 ቁጥር ደግሞ ይላጋል። ትክክለኛውን መፍቻ ከኪሴ አውጥቼ «ጋሼ፣ በዚህኛው» ብዬ ዘረጋሁላቸው። «እኔ በመፍቻ ምርጫ ልማር?» አሉና ተጫኑት። ጠርዙ ሲላጥ የተሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ያንን ብሎን ሁለት ወር ፈልጌ ነው ያገኘሁት።

እንግዲህ የቀረኝ ማግኔቶውን ማውረድ ነው፤ ለዚያም መጀመሪያ የተላጠውን ብሎን በሞረድ አራት ማዕዘን አድርጌ መንቀል አለብኝ። ጥቅልሉ እንደገና ይጠቀለላል፣ ኮንደንሰሩ በአዲስ ይተካል፣ ይህም ወረፋ አለው። ሲመለስ ደግሞ የማቀጣጠያውን ጊዜ ከዜሮ ማስተካከል ይጠብቀኛል፤ ፑንቲናው የሚላቀቅበትን ቅጽበት ለማወቅ ስስ የሲጋራ ወረቀት በጫፎቹ መሐል አስገብቶ ቀስ እያሉ መሳብ፣ ወረቀቱ ሲለቅ ማግኔቶውን የሚያዞረውን ጥርስ ማጥበቅ፣ ሲጠብቅ ጥርሱ ዘወር ማለቱን ማየት፣ መፍታት፣ እንደገና መጀመር። ያ ጥርስ የተቀመጠው በሾጣጣ ዘንግ ላይ ስለሆነ ሲጠብቅ ወደ ፈቀደው ይሄዳል፤ በዚህ ሥራ ያልተሳደበ ሰው ቢኖር አላውቅም።

ጓደኛዬ «አሁኑኑ እንደጋለች ውሰድላቸውና ያፍሩ» ይለኛል። እንዴት አድርጌ? ግላ አትሄድማ! ገፍቼ እስክደርስ ትቀዘቅዛለች፤ ሰውየውም በአንድ ርግጫ አስነስተው፣ ልጆቹን ሰብስበው፣ ለምርመራ ደግመው ያስከፍሉኛል።