ባዶ መሬት የሚያይ ዐይን ይባረክ

ዐይን ሁሉም ሰው አለው። ባዶ መሬት የሚያይ ዐይን ግን ለሁሉም አልተሰጠም። ተራው ሰው ጫካ ሲያይ የሚታየው ጫካ ነው። የታደለው ሰው ያንኑ ጫካ ያይና «ይሄ ሁሉ ባዶ መሬት ዝም ብሎ ይቀመጣል?» ይላል። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ይህን ጸጋ ለማወደስ ነው። ስንት ነገር ሲወደስ ይሄ ያለ ውዳሴ መቅረቱ ግፍ ነው።

ጸጋው በደንብ የሚገለጠው በበጋ ነው። የካቲት ወይ መጋቢት ላይ፣ ጭልጋን አልፎ ወደ መተማ የሚወርድ መኪና ውስጥ። ደጋው ወደ ኋላ ይቀራል። ሙቀቱ ይመጣል። ኮት ይወልቃል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቅጠል አልባ ዛፍ ይጀምርና ማለቂያ ያጣል። መሬቱን ሊያጠና የመጣው እንግዳችን መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል።

«አቤት! ይሄ ሁሉ ዛፍ መቼ ደረቀ?»

መንገድ እንዲያሳዩ ከፊት የተቀመጡት የአገሬው ሽማግሌ ዞር ይላሉ። «ኧረ አልደረቀም ጌታዬ። በጋ ሆኖ ነው።»

እንግዳችን በትሕትና ፈገግ ይላል። ሽማግሌው ምን ያድርጉ፣ ሥልጠና አልወሰዱም። ማስታወሻውን ያወጣና «በድርቅ የተጎዳ ቁጥቋጦ፣ ለልማት ዝግጁ» ብሎ ይጽፋል። ልብ በሉ፣ ይህን ሁሉ ያጠናው መኪናው ሳይቆም ነው። ወርዶ አንዱን ቀንበጥ በጥፍሩ ቢጭረው ከቅርፊቱ ሥር ርጥብ ያገኝ ነበር። ያኔ ደግሞ ጥናቱ ይበላሽ ነበር። ጥሩ ባለሙያ ጥናቱን የሚያበላሽ ነገር አይነካም።

ለመሆኑ ዛፎቹ ምን እየሠሩ ነው? እውነቱን ለመናገር ምንም። ጥፋታቸውም ይሄ ነው። ወይባው፣ አባሎው፣ ክርክራው፣ ዳርሌው ዝናቡ ሲያበቃ ቅጠላቸውን አራግፈው ዝም ይላሉ። በቅጠል በኩል ውሃ ይተናል። እዚያ ቆላ ዝናብ የሚጥለው በዓመት ለጥቂት ወራት ነው። ስለዚህ ወጪውን ዘግተው ቀጣዩን ክረምት ይጠብቃሉ። ቅርፊታቸውን አወፍረው የሣሩን እሳት ያሳልፋሉ። የሚያውቁ ሰዎች ይህን ብልሃት ይሉታል። እኛ ግን እንዲህ ዓይነቱን ነገር በሥራ ገበታ ላይ አለመገኘት ነው የምንለው። የቢሮ ሰው ዓመት ሙሉ ወንበሩ ላይ ይገኛል። ዛፍ ምን ስለሆነ ነው ግማሽ ዓመት ዕረፍት የሚወጣው?

ከሁሉም የባሰው የእጣን ዛፍ ነው። እሱን ለብቻው ላንሣው። ቅርፊቱ ስስ ነው፣ እየተላጠ ይንጠለጠላል። ሰኔ ገደማ ቅጠል ያወጣና መስከረም ጥቅምት ላይ ይጥላል። ቀሪውን ዓመት ዕርቃኑን ይቆማል። ዕርቃኑን ቆሞ ያብባል። ዕርቃኑን ቆሞ ያፈራል። እጣኑንም የሚሰጠው ያኔ ነው። ቆራጩ ትንሽዬ ስለቱን ይዞ ይመጣል። ከግንዱ ላይ አውራ ጣት የምታህል ስስ ቅርፊት ፋቅ ያደርጋል። ከቁስሉ ነጭ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ይልና ግንዱ ላይ ይረጋል። ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። ሰውየው ይመለሳል፣ የደረቀውን ይለቅማል፣ ያንኑ ቁስል ጥቂት ያሰፋና ወደሚቀጥለው ዛፍ ይሄዳል። በዚያ ሐሩር ከዛፍ ዛፍ ሲመላለስ ይባጃል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያደርገው የሞተው ዛፍ ነው። ሬሳ ያብባል፣ ሬሳ እጣን ያወጣል። እንግዳችን ከመስክ ሲመለስ ቤት ቡና ይፈላል። ፍም ላይ እጣን ጣል ይደረጋል። ጢሱን ሳብ አድርጎ «እሰይ! የኛ እጣን እኮ ልዩ ነው» ይላል። ከየት እንደመጣ ጥያቄ የለውም። ከሱቅ ነው የመጣው። ሱቁስ ከየት አመጣው? ከመርካቶ። መርካቶስ? በቃ፣ መርካቶ የሌለ ነገር አለ እንዴ! ወይባ ጢስ የምትገባዋም እመቤት ብትጠየቅ መልሷ ያው ነው። ቆዳዋ ያበራል፣ እንጨቱ ከየት እንደተቆረጠ ግን የመዋቢያው ቤት ምሥጢር ነው።

ደስ የማይሉ ሰዎች ደግሞ አይጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጥናት አለ። አጥኚዎቹ መተማ ሄደው የእጣን ዛፎችን የዕድሜ ቀለበት ቆጠሩ። ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ለአቅመ ዛፍ የበቃ ቡቃያ የለም ማለት ይቻላል ብለው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ሌሎች የኢትዮጵያን፣ የኤርትራንና የሱዳንን የእጣን ደኖች ተመለከቱ። ካዩዋቸው ደኖች ከ75 በመቶ በላይ በሚሆኑት ውስጥ ትንንሽ ዛፍ አጡ። የቆሙት ሽማግሌዎቹ ብቻ ናቸው። በዚህ ከቀጠለ የእጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል ብለውም ገመቱ። ቡቃያው ሳይበቅል ቀርቶ አይደለም። ይበቅላል፣ ከብት ይግጠዋል። ከከብት የተረፈውን እሳት ይለበልበዋል። ያለ ዕረፍት የሚቆረጠው ትልቁ ዛፍ ፍሬው ያንሳል፣ የፍሬውም ዐቅም ይደክማል። በዚያ ላይ ጥንዚዛ ይገባበታል።

ለእንግዳችን ግን ይሄ የምሥራች ነው። ሞቷል ብሎ ጽፎ አልነበር? ትንሽ ከታገሠ ጽሑፉ እውነት ይሆናል።

መሬቱ ባዶ መሆኑ ከተመሰከረ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ሰሊጥ ይዘራል። ሰሊጥ መዝራት ነውር የለበትም፣ የውጭ ምንዛሪ ያመጣል። እኔን የሚያስደንቀኝ ካርታው ነው። ካርታው ላይ ዛፍ የለም። ትራክተር ሲገባ ግን ዛፍ አለ። መጋዝ ይጠራል፣ ከሰል አክሳይ ይጠራል። ከባዶ መሬት ላይ ስንት አይሱዙ ከሰል ተጭኖ እንደሚወጣ ቆሞ ያየ ሰው በተአምር ማመኑ አይቀርም።

እዚያው ቆላ ውስጥ፣ ቋራ ወረዳ፣ አላጥሽ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ተመራማሪዎች ካሜራ አጥምደው አንበሳ ፎቶ እንዳነሡ ተሰማ። በዓለም ዙሪያ ዜና ሆነ። የአካባቢው ሰው አንበሳ አለ ሲል ማን ሰምቶት! አሁን ግን ፎቶ ተገኘ። ፎቶ ከተገኘ ምን ይደረጋል? አንበሶቹም ቢሆኑ ጥፋት አለባቸው። ባዶ መሬት ላይ ያለ ፈቃድ መኖር ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

ደግሞ ጸጋው የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ዓለማችን ተጨማሪ ስንት ዛፍ ልትሸከም እንደምትችል ያሰላ ጥናት ወጣ። ብዙ ሳይቆይ ሌሎች ተመራማሪዎች እዚያው መጽሔት ላይ ተነሡበት። ሣርና ዛፍ ተቻችለው የኖሩበትን ሳቫና ዛፍ እንደጎደለው መሬት ቆጥራችሁታል አሉ። ባዶ የሚያይ ዐይን እንግዲህ ሳተላይት ላይም ተገጥሟል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ክረምት ገባ። የተመነጠረው ሊተከል ነው። በዚህ በኩል የሚደርስብን የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። መትከሉን የሚጠላ የለም። ስንት የተራቆተ ተራራ ዛፍ እየጠበቀ ነው። እኔ የማደንቀው የመቁጠር ፍቅራችንን ነው። ሐምሌ ላይ እንቆጥራለን። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ዝም እንላለን። የጸደቀ ችግኝ ቆጠራ በበጋ አይመችም፣ ፀሐዩ ይከብዳል።

የቆላውን ተከላ ቀረብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? አዲስ ቦት ጫማ፣ አዲስ ኮፍያ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርት። አንዲት ችግኝ፣ ስምንት እጅ። ፎቶ አንሺው «ጌታዬ፣ ትንሽ ጎንበስ… እሺ፣ ወደዚህ ፈገግ» ይላል። ችግኟ ከነፕላስቲኳ ትቀበራለች። በላስቲክ ጠርሙስ የመጣው ውሃ ለተካዮቹ ነው። ከዚያ ምሳ።

ከቦት ጫማው አጠገብ የአባሎ ጉቶ አለ። አምና ተቆርጦ የቀረ ነው። ከጉቶው ዙሪያ ስድስት ሰባት ለጋ ቀንበጥ አጎንቁሏል፣ ጉልበት ደርሷል። ማንም አልተከለውም፣ ማንም አላጠጣውም። ሥሩ ከድሮም እዚያው ነበረ። ከብት ቢያርቁለትና እሳት ቢከላከሉለት ዛፍ ነው። ግን ለማን ይመዘገባል? ተካይ የሌለው ዛፍ ለሪፖርት አይመችም። ስለዚህ በገጀራ ይመታና እሱ የነበረበት ቦታ ላይ ጉድጓድ ይቆፈራል።

የዚህ ቆላ ቡቃያዎች ጠባይም ለሪፖርት አስቸጋሪ ነው። ብዙዎቹ በጋ ሲሆን ከላይ ደርቀው ይጠፋሉ። ክረምት ከሥራቸው ይነሣሉ። እንዲህ ሲጠፉና ሲነሡ ዓመታት ያልፋል። ከላይ የሚታየው ሁለት ቅጠል ነው፣ ከታች ሥሩ ይወፍራል። ስንቅ እያጠራቀመ ነው። አንድ ቀን እሳቱና ከብቱ ፋታ ከሰጡት ሽቅብ ይመዘዛል። ይህን ደግሞ በየትኛው ሩብ ዓመት ሪፖርት ታስገቡታላችሁ?

ችግኝ ጣቢያ ሂዱና ወይባ ጠይቁ እስቲ።

«የምን?»

«ወይባ። ወይም በደኖ። ሁመርስ?»

«ኒም አለ። ባሕር ዛፍ አለ።»

ኒም ከእስያ መጣ፣ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ። ባሕር ዛፍማ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባ ነው፣ ዜግነት ካገኘ ቆይቷል። ቤት ሠርቶልናል፣ ምጣድ አስምቶልናል፣ አልክደውም። የሚገርመው በደኖ ያለ ጠያቂ መቅረቱ ነው። በድርቅ ቅጠሉን የማይጥል፣ ፍሬው የሚበላ፣ ዘሩ ዘይት የሚወጣው ዛፍ ነው። ችግሩ ማንም ሳይሸልመው እዚሁ መገኘቱ ነው።

ለዚህ ሁሉ ጸጋ ሐውልት ይቁም ከተባለ ቦታው አፋር ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ፕሮሶፒስ የሚባል ዛፍ ከላቲን አሜሪካ መጥቶ እዚያ ተተከለ። በረሃውን አረንጓዴ ያደርጋል፣ አፈሩን ይይዛል ተባለ። አደረገዋ! ፍሬው ጣፋጭ ነው፣ ከብት ይበላዋል። ዘሩን ከነፋንድያው እየሄደ ይዘራዋል። በተከላ ታሪክ እንዲህ ያለ ታታሪ ተካይ አልታየም፣ አበል አይጠይቅ፣ ቲሸርት አይጠይቅ። ዛሬ ፕሮሶፒስ በአፋር ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል። ግጦሹን ዋጠው። የአገሩን ግራር ከወንዝ ዳር ገፋው። እሾሁ የሰውም የከብትም እግር ይወጋል። አርብቶ አደሩ ከብቱን የሚያሳልፍበት መንገድ አጣ። ግን አረንጓዴ ነው! በበጋም አረንጓዴ ነው! ከመኪና መስኮት ለሚያይ ሰው ምን ጎደለው?

ያ መሬት ግን ከፕሮሶፒስ በፊት «ባዶ» ነበር ተብሏል። ሣሩን የሚግጡት ግመሎችና ላሞች ግን ባዶ መሆኑን አልሰሙም ነበር።

አሁን የሚያሳስበኝ አንድ ዛፍ ብቻ ነው። ገርቢ ይባላል፣ ከግራር ወገን ነው። ጠባዩ ግራ ነው። ሌላው ሲራቆት እሱ በጋውን ቅጠል ለብሶ ይቆማል። ከብቱ ጥላው ሥር ያርፋል፣ ፍሬውን ሲያረግፍ ይለቅማል። በዚህ ጊዜ ባለ ጸጋው ዐይን ምንም ሊያገኝበት አይችልም። ዝናብ ሲጀምር ግን ገርቢ ቅጠሉን ያራግፋል። ገበሬ ይህን ስለሚያውቅ ማሳው መካከል ይተወዋል። በክረምት ጥላ ስለማይጥልበት ሰብሉ ፀሐይ ያገኛል፣ የረገፈው ቅጠልም አፈሩን ያዳብርለታል። እህሉ ከገርቢ ሥር ሲሆን ከሌላው ማሳ ይልቅ ያምራል።

እንግዲህ አስቡት። ሐምሌ ነው። አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ለብሷል። የተከላው ቡድን ችግኝ ጭኖ ይደርሳል። ማሳው መካከል ላይ አንድ ግዙፍ ዛፍ ዕርቃኑን ቆሟል። ኮሚቴው ዙሪያውን ይዞረዋል። አንዱ ግንዱን በጡጫ መታ መታ ያደርጋል። ገበሬው ከዳር ሆኖ ሊናገር አፉን ሲከፍት «ችግር የለም አባቴ፣ በምትኩ እንተክልልዎታለን» ይሉታል። ጉድጓዱ ሰፋ ብሎ መቆፈር አለበት፣ የሚነቀለው ሥር ትልቅ ነው።