ቢጫው ጀሪካን

ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ወርውራ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «ማሚ፣ አንቺ ልጅ ሆነሽ ውሃ አልነበራችሁም?» አለችኝ። ሽንኩርት እያቁላላሁ ነበር። ጥያቄው ከየት መጣ ብዬ ስዞር ከቦርሳዋ መጽሐፍ አውጥታ ሰጠችኝ። ሽፋኑ ላይ የተሰነጣጠቀ መሬት፣ ባዶ እግሯን የቆመች ልጅ፣ በእጇ ቢጫ ጀሪካን። ታሪኩ የኢትዮጵያ እንደሆነ ከጀርባው ተጽፏል።

እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ልጅቷ ስም አላት፤ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንዴም አትስቅም። አባቷ በድርቅ ሞቷል፣ እናቷ ታማለች፣ እሷ ግማሽ ቀን ተጉዛ ውሃ ትቀዳለች። መጨረሻ ላይ ከውጭ የመጡ ሰዎች ጉድጓድ ቆፍረው ያድኗታል። ክፍሉ በሙሉ አብሮ ካነበበ በኋላ የክፍሉ ልጆች ሁሉ ዞረው ያዩት የእኔን ልጅ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ሆስፒታል ውስጥ የተወለደችውን ልጅ! አንዱማ «አሁን ግን እዚህ ውሃ አላችሁ አይደል?» ብሎ በደግነት ጠይቋታል።

ያንገበገበኝ ድርቅ መነሳቱ አይደለም። የ77ቱን የሚክድ ኢትዮጵያዊ የለም። እኔም ደብረ ማርቆስ ሳድግ ውሃ ቀድቻለሁ፤ ያውም በዚያው በቢጫ የዘይት ጀሪካን። ቧንቧ ሲጠፋ ከሰፈር ልጆች ጋር ምንጭ እንወርድ ነበር። ግን ያ መንገድ እኮ ዝም የሚባልበት መንገድ አልነበረም። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» እየተባባልን፣ መልሱን ያጣችው «አገር ስጪኝ» ስትባል ከጎንደር እስከ ሐረር ያለውን ከተማ ሁሉ እያደለች፣ ባዶውን ጀሪካን እንደ ከበሮ እየመታን ነበር የምንወርደው። ወረፋ ላይ እንጣላለን፣ ዳገቱን ስንወጣ እንታረቃለን። የማን እህት እንደታጨች፣ የትኛው አስተማሪ እንደሚቆጣ፣ የማናወራው ነገር አልነበረም። መጽሐፉ ይህን ሁሉ አስወጥቶ ጀሪካኑን ብቻ አስቀረ።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ሆዴ ተገላበጠ። እኛ አገር ወላጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው «ወላጅ አምጣ» ሲባል ነው። ልጁ ተደባድቧል፣ መስታወት ሰብሯል፣ ከክፍል ፎርፏል። አባት ባርኔጣውን አውልቆ ዩኒት ሊደሩ ፊት ይቆማል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ልጁን በመንገድ ላይ እየገሠጸ ይመለሳል። ምን ታስተምራላችሁ፣ ምን ታስነብባላችሁ ብሎ የሄደ አባት በዘመኔ አላየሁም። አሥራ አራት ዓመት አሜሪካ ኖሬም ያ ስሜት ከውስጤ አልወጣም። ከትምህርት ቤት ኢሜይል በመጣ ቁጥር የመጀመሪያ ሐሳቤ «ምን አጠፋች?» ነው።

አስተማሪዋ ወጣት ናት። ከራስዋ በስተጀርባ ግድግዳው ላይ የመስታወትና የመስኮት ሥዕል ተለጥፏል። ሐሳቡ ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 የጻፉት እንደሆነ ነገረችኝ። ልጅ የሚያነበው መጽሐፍ መስኮት ሆኖ የሌላውን ሕይወት ያሳየው፣ መስታወትም ሆኖ የራሱን መልክ ያሳየው ነው ነገሩ። «ይህን መጽሐፍ የመረጥኩት ልጅሽ ራሷን እንድታይ ብዬ ነው» አለችኝ። ከልቧ ነው። የያዝኩት ቁጣ እጄ ላይ ቀረ። በዚህ መስታወት ውስጥ ልጄ ያየችው ፊት የሷ እንዳልሆነ፣ ያ የውሃ መንገድ ምን ይመስል እንደነበር ነገርኳት። ብዕር አንስታ ጻፈች። ከዚያ ቀና አለችና «ለሚቀጥለው ዓመት የክፍል ቤተ መጻሕፍት ዝርዝር እያዘጋጀሁ ነው። ሦስት ርዕስ ስጪኝ፣ አስገባለሁ» አለች።

ሦስት ርዕስ!

አንድም ስም አልመጣልኝም። አባባ ተስፋዬን ያየ ትውልድ ነኝ። ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን «የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» እያሉ ተረት የነገሩትን ሰው እያየሁ አድጌ፣ ለአሜሪካ አራተኛ ክፍል የሚሆን፣ የኢትዮጵያ ልጅ የምትስቅበት አንድ መጽሐፍ መጥራት አቃተኝ። «እልክልሻለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ስወጣ የትምህርት ቤቱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ኮሪደሩ ላይ ይዛኝ ብዙ አወራችኝ። ጥቁሮች ይህን ጥያቄ ሲያነሱ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1965 ናንሲ ላሪክ የተባለች ጸሐፊ በሦስት ዓመት ውስጥ የታተሙ ከ5,000 በላይ የልጆች መጻሕፍት አስቆጥራ፣ ጥቁር ሰው ያለባቸው ከመቶ 6.7 ብቻ ሆነው አገኘቻቸው። በ1985 ደግሞ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያለ የልጆች መጻሕፍት ማዕከል መቁጠር ሲጀምር፣ በዚያ ዓመት ከታተሙት 2,500 ከሚሆኑ መጻሕፍት በጥቁሮች የተጻፉት ወይም የተሣሉት 18 ነበሩ። አሥራ ስምንት! ዛሬ በየክፍሉ የምናየው ለውጥ የመጣው ቆጥረው፣ ጽፈው፣ ደጋግመው ስለጠየቁ ነው። እኛ እነሱ በከፈቱት በር ገብተን ቆመናል፣ ግን አፋችንን አልከፈትንም።

አገር ቤት መጽሐፍ አይመረጥም፣ ይታደላል። መስከረም ላይ ለሦስት አንድ ይሰጠናል፣ በጋዜጣ እንሸፍነዋለን፣ ሰኔ ላይ ገጹ ተቆጥሮ እንመልሳለን። ምንባቡን በየተራ ቆመን እናነባለን፣ ጥያቄውን እንመልሳለን፣ አለቀ። ከ80 በላይ ቋንቋ ያለበት አገር ውስጥ ተምሬ የኮንሶ ልጅ ምን እንደሚጫወት፣ የአፋር ልጅ ማታ ምን ተረት እንደሚሰማ ከመማሪያ መጽሐፍ ማወቄን አላስታውስም። ኮንሶን ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከአልጋዬ በላይ ከተኛችው ልጅ ነው።

አሁንስ? ያን ሳምንት አዲስ አበባ ለእህቴ ደወልኩ። ልጇ የግል ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ነው፣ የሚያነበው መጽሐፍ በሙሉ ከውጭ የመጣ ነው። የቤት ሥራው የበረዶ ሰው ስለሚሠሩ ልጆች ነበር፤ «የበረዶ ሰው አፍንጫ ከምን ይሠራል?» ይላል ጥያቄው። ልጁ በረዶ የሚያውቀው ነሐሴ ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። እህቴ መልሱን ከስልኳ ፈልጋ «ካሮት» ብላ አጻፈችው። እስቲ አስቡት። የአዲስ አበባው ልጅ ስለ በረዶ ሰው ያነባል፣ የቨርጂኒያዋ ልጅ ስለ ጀሪካን ታነባለች። ሁለቱ የእህትማማች ልጆች ስለ አያታቸው ቤት የሚያነቡት መጽሐፍ የላቸውም። ለምን አስተማሪውን አታነጋግሪም ስላት እህቴ ደነገጠች፤ «ልጄን ሊያጉላሉብኝ?» አለች።

እዚህ ግን መናገር እንደምንችል አይቻለሁ። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ ሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትና ስለ ጾታ ማንነት የሚያነሱ የልጆች መጻሕፍት ክፍል ውስጥ ሲገቡና ወላጅ ልጁን ከንባቡ የማስወጣት ፈቃድ ሲከለከል፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ሮክቪል ላይ ከሙስሊም ወላጆች ጎን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ወጥተው ነበር። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ሰኔ 2017 ዓ.ም. 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ለከሳሾቹ ወላጆች ተፈረደ። በመጻሕፍቱ ላይ የእኛ ሰው የተለያየ አቋም አለው፣ ያንን እዚህ አልከፍተውም። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ይውጣ ለማለት ነጠላ ለብሰን ከሥራ ቀርተን መሰለፍ ከቻልን፣ ይግባ ለማለት አንድ ኢሜይል መጻፍ እንዴት አቃተን?

በዚያው ሳምንት በወላጆች የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ጥያቄውን አስቀመጥኩ። ለልጆች የሚሆን፣ በእንግሊዝኛ ወይም በሁለቱም ቋንቋ የተጻፈ፣ ረሃብ የሌለበት መጽሐፍ የምታውቁ? አምስት ቀን ጠበቅኩ። ሁለት ሰው መለሰ። በማግስቱ አንዷ ለኢንተርናሽናል ናይት፣ ቤተሰቦች የየአገራቸውን ምግብ ለሚያመጡበት የትምህርት ቤቱ ማታ፣ እንጀራና ዳቦ ቆሎ ማን ያመጣል ስትል ግን እስከ ምሳ ሰዓት ሠላሳ አንድ መልስ ነበር። ምግቡን አልጠላሁም፣ እኔም ዶሮ ወጥ ይዤ ሄጃለሁ። ግን በዓመት አንድ ማታ ቀሚስ ለብሳ የምትታይ ልጅ፣ የቀረውን ዓመት ያቺ ጀሪካን የያዘች ልጅ ናት።

ከመለሱልኝ አንዱ ስለ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አስታወሰኝ። ሳንፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ውስጥ ሲሠሩ፣ በየቋንቋው መጽሐፍ ሲደረደር የአማርኛው ቦታ ባዶ መሆኑ ከነከናቸው። ራሳቸው ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ጽፈው አሳተሙ፤ ከዚያ አገር ቤት ገብተው እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፣ ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭነው ወደ ልጆች አደረሱ። ባዶውን መደርደሪያ አንድ ሰው ነው ያየው። ያን ሁሉ ዓመት እኛም በዚያው መደርደሪያ ፊት እናልፍ ነበር።

መጽሐፋቸውን ከአንድ ጓደኛዬ ቤት ምድር ቤት፣ ከሕፃን ጋሪ ሥር አገኘሁትና ለአስተማሪዋ ወሰድኩ። አርብ ዕለት ክፍል ገብቼ እንዳነብ ጠየቀችኝ። አማርኛውን አንድ ገጽ፣ እንግሊዝኛውን አንድ ገጽ አነበብኩ። ስጨርስ «እንቆቅልሽ» አስተማርኳቸው። ያ ስለ ውሃ የጠየቀው ልጅ መልሱን ሲያጣ «አገር ስጠኝ» አልኩት፤ ኦሃዮን ሰጠኝ። ልጄ ከኋላ ወንበር ላይ እየሳቀች «ኦሃዮ አይበቃም፣ ጎንደርን ጨምር!» ብላ ጮኸች።

ዝርዝሩ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ክፍት ነው። እስካሁን ሁለት ርዕስ አለኝ፤ ሦስተኛውን የምታውቁ ጻፉልኝ።