48 ሜጋፒክስሉ የታለ?

ኧረ በቃ! ዛሬ ደግሞ የእህቴ ልጅ እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንዲት ርካሽ ዲጂታል ካሜራ ገዝቶ መጣ። ፎቶ ልማርባት ብሎ ያጠራቀማት ብር ነበረች። ካርቶኑ ላይ «48 ሜጋፒክስል» ይላል፤ ፎቶው 48 ሚሊዮን ነጥብ አለው ማለቱ ነው። የቱ 48? ውስጧ ያለው ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል፣ ያለው ነጥብ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። የቀረውን ሶፍትዌሩ እየገመተ ይሞላዋል። የሌለ ነገር ቆጥሮ መሸጥ ምን ይባላል?

«16 እጥፍ ዙም» ይላል ደግሞ። ሌንሱ ንቅንቅ አይልም! ምስሉን ቆርጦ መለጠጥ ነው እንጂ። ጢስ ዓባይን ከማዶ አንሱበት፤ ፏፏቴው የተደፋ አጥሚት ሆኖ ይወጣል። እንጅባራ ላይ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡስ? ፈረስ የለም፣ ጭረት ብቻ። ዘጌ ገብታችሁ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕልማ አትሞክሩት። ብርሃኑ ትንሽ፣ ሴንሰሯ ትንሽ።

ልጁ ፎቶዎቹን አይቶ «እኔ አልችልበትም መሰለኝ» አለኝ። አንጀቴ አረረ! የመዝጊያ ፍጥነት (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) በእጅ አይስተካከል፣ አፐርቸር (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) አይነካ፣ ፎከሱ ከፋብሪካ የተቆለፈ። ምኑን ይማርበት?

ታግሶ ያገለገለ ካኖን 1100ዲ ካሜራ ቢፈልግ ይሻለው ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 12 ሜጋፒክስል ብቻ፤ ግን እውነተኛ 12! ያም ካልሆነ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ይበልጣታል። ሻጩ ይህን ያጣዋል? አያጣውም። ታዲያ ለተማሪ ልጅ «ለጀማሪ አሪፍ ናት» ብሎ እንዴት ይሸጣል?